የመነኮሳቱ መታጠቢያ ውኃ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፣ ግራንድ ፕሬሪ

ከስሪላንካ ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እዚያ የምትኖረው ልጄ ጥንታዊ የቡድሃ ገዳም ስታስጎበኘኝ፣ መነኮሳቱ ይታጠቡበት የነበረውን የድንጋይ ገንዳ ሳይ እጄ አላርፍ አለ። አማትቤ ውኃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁ።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ጠበል አይደለም!" ብላ ሳቀችብኝ። መድፋቱ ከበደኝና በሻንጣ አምጥቼ ፍሪጅ ውስጥ ከጠበላችን ጎን አስቀመጥኩት።

ዛሬ ከዌርሃውስ ሥራዬ ስገባ ጠርሙሱ ባዶ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጠበል መስሏቸው ጠጥተውታል! ያን አረንጓዴ ውኃ! ብነግራቸው ቄስ ጥሪ ሊሉኝ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ቢታመሙስ?

"እማማ፣ ሆድዎ ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል? ጉልበቴ እንኳ ቀለል አለኝ። ከየትኛው ገዳም ነው ያመጣሽልኝ?"

"ከሩቅ ገዳም" አልኳቸው። አልዋሸሁም። ሽንት ቤት በገቡ ቁጥር ግን ልቤ ድው ድው ይላል።