ላንድሮቨሯ ወይስ ቶዮታዋ

ላሊበላ፣ መስከረም ማለቂያ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? የወገል ጤና ብርድስ እንዴት አደረገህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባባ ጉልበት ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል፤ ምግባቸውና ቁጣቸው ግን እንደነበረ ነው።

አባባ ከሁለቱ መኪኖች አንዷን ሊሰጡህ ቃል ስለገቡ፣ የትኛዋ እንደምትሻል አወዳድሬ እንድጽፍልህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱንም ስነዳ የኖርኩት እኔ ነኝና አላዳላም።

ላንድሮቨሯ በእኛ አቆጣጠር የስልሳ አምስት ሥሪት ናት። አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሲሲ፤ ጉልበቷ ሰባ ፈረስ ቢሆን ነው። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ሌላው አይዝግም። ቤንዚን ላይ ቆጣቢ ናት፤ ብትበላሽም በመፍቻና በሽቦ ትነሳለች። ፍሬኗ ግን እርጅና ተጭኖታል፤ ከመርገጥህ በፊት ጸሎት ማድረስ አለብህ።

ቶዮታዋ በአራት ዓመት ታናሿ ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሲሲ፤ ጉልበቷን ከመቶ ሠላሳ ፈረስ በላይ ይሉታል። የፊት ፍሬኗ ዲስክ ስለሆነ ቀጥ ታደርግሃለች። ላሜራዋን ግን ዝገት በልቶታል፤ ቤንዚኑንማ እንደ ሠርግ ቤት ጠላ ነው የምትጨልጠው። ባሌስትራን ካነሳን የሁለቱም ወገብ ይሰብራል፤ በዚህ አይበላለጡም።

ልብህ ቶዮታዋ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ከወገል ጤና ጋሸና ሰው ለማመላለስ እሷን የመሰለ የለም፤ እኔም ላንተ ተመኝቻት ነበር። ነገር ግን አባባ ስለት አለባቸው። ለይምርሐነ ክርስቶስ ሲሳሉ "ከሁለቱ መኪኖቼ የምትበልጠውን" ብለዋል። የስለቱን ምክንያት እንዳልነግርህ አስምለውኛልና መሐላዬን አላፈርስም። የተሳሉት አንተ ዘምተህ፣ ስልኩም መንገዱም ተቆርጦ፣ ወሬህ የጠፋ ክረምት ነበር።

አጎታችን ምሥጋናው ላንድሮቨሯ አትዝግም፣ ስለዚህ እሷ ትበልጣለች፣ እሷን ሰጥታችሁ ተገላገሉ ብሎ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ላንተ ብዬ ደገፍኩት። የነፍስ አባታችን መምሬ ውዱ ግን ስለት በሸፍጥ አይከፈልም፣ መንገዱ ይፍረድ አሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ጋሸና ላይ ሁለቱንም እኩል ስንዴ ጫንናቸው። ላንድሮቨሯን አጎታችን ያዘ፤ መምሬ ከጎኑ ተቀመጡ። እኔ ቶዮታዋን ያዝኩ፤ አባባ ከእኔ ጋር ሆኑ። ቁልቁለቱን ተከታትለን ወረድን። ወደ ላሊበላ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር፣ የምነዳት መኪና እንድትሸነፍ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬን ከነዳጁ ላይ ላላ አደረግሁ። አባባ ዓይናቸው ከእግሬ አልተነሳም። ምን ልሁን ብለሽ ነው፣ እርገጫት እንጂ አሉኝ። ረገጥኳት፤ በሦስተኛ ማርሽ እየፎከረች ወጣች።

ላንድሮቨሯ ብዙ ቆይታ ራዲያተሯ እየፈላ ደረሰች። አጎታችን መምሬ ከባድ ናቸው ብሎ አሳበበ፤ መምሬም ጾመኛ መሆናቸውን አስታወሱት።

እኔ አኮረፍኩ። አባባ ግን ቶዮታዋን ተደግፈው ይስቁ ነበር። ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ እንኳን እሷ በለጠች፣ ለተሰጠኝ ነገር ላንድሮቨር ያንሳል አሉ።

አብሽር፣ ላንድሮቨሯ ያንተ ናት፤ ፍሬኗን አሠርቼ አቆይልሃለሁ። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲነግሥ ቶዮታዋን እናስረክባለን። ከዚያ በፊት ድረስልን። አጎታችን ያን ዕለት ከፊት ልቀመጥ ቢላቸው፣ የልጄ ቦታ ነው ብለው ከልክለውታል።

ያወጣህ አምላክ በወጣህበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ ዳገቱን ሜዳ ያድርግልህ።

ታላቅ እህትህ