የመናኸሪያዋ ተናጋሪ አርባ ሁለት ስሕተቶች

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፱ ቀን

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው ለአንዲቷ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማድሽ በር ላይ ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ እንድታነቢው አደራ እያልሁ፣ ስለ ጤናዬ አስቀድሜ በመንገር ልብሽን ላሳርፈው፦ ጉልበቴ ዝናብን ከሰማዩ ቀድሞ ከማወጁ በቀር ደኅና ነኝ፤ መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ፤ የሚያፈስሰውንም ቧንቧ ባለሙያ ጠርቼ አስጠግኛለሁ። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ቀኑን በምን ታሳልፈዋለህ?» ስትዪኝ «ምን ሥራ ጠፍቶ!» ብዬ የሸሸሁት፣ ነገሩ ረጅም ቢሆንብኝ እንጂ ልደብቅሽ ብዬ እንዳልሆነ ከዚህ በታች ትረጂልኛለሽ።

እናትሽ ካረፈች፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣዬን በብብቴ ሸጉጬ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው መውረድ ለምጃለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የመንገደኞች አዳራሹ ብርሃን ለንባብ ይመቻል» እላለሁ፤ እውነትም ይመቻል። ይሁን እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አራሚ ሆኖ የኖረ ሰው ጆሮ እንዲህ በቀላሉ ጡረታ አይወጣምና፣ ከአዳራሹ ራስጌ ካለችው የመስታወት ክፍል በየሩብ ሰዓቱ በድምፅ ማጉያ የሚወርደው እንግሊዝኛ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ዕረፍት ይነሣኝ ነበር።

ተናጋሪዋ ሃምሳን ከተሻገረች የቆየች፣ ባሏን ካጣች ወዲህ ሁለት ልጆቿን በዚያች ማይክራፎን ያሳደገች ሴት ናት። በራሳችን ቋንቋ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ጥሩ ደወል ነው፤ ወደ እንግሊዝኛው በተሻገረች ጊዜ ግን «ስቴሽን»ን «እስቴሽን» ትለዋለች፤ በብዙ ቁጥር የማይነገረውን የጓዝ ስም፣ «ለጌጅ»ን፣ «ለጌጅስ» ብላ ታበዛዋለች፤ አንዱን አውቶቡስ «አር»፣ አሥሩን «ኢዝ» ትላለች፤ ምላስ ከጥርስ መካከል ብቅ ብሎ ሊለው የሚገባውን ምስጋና «ታንኪው» ብላ ትገላገለዋለች፤ በረቡዕ የእንግሊዝኛ ስም መካከል ያለችውን፣ ለዓይን እንጂ ለአፍ ያልተፈጠረችውን «ዲ»ንም አንድ ጊዜ እንኳ ሳትምር ትጠራታለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ቅር የሚለው እኔን ብቻ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ሹፌር «አባቴ፣ ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ ጥርሴን ሳፋጭ እውል ነበር።

በመጨረሻም ደብተር ገዛሁና አርባ ሁለቱን ስሕተቶቿን ከነእርማታቸው በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ፣ ከታች ፈርሜ፣ ለመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ አስረከብሁ። ያሰብሁት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲያስተምራት ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ በመንገደኞች አቤቱታ መሠረት በተናጋሪዋ ምትክ ድምፅ የተቀዳበት ማሽን ለሦስት ቀን ይሞከራል፤ ሙከራው ከሠመረ እርሷ ትሰናበታለች። ይህን ለአንቺ ብቻ እናዘዛለሁ፣ ልጄ፦ ያን ወረቀት ሳነብ አስቀድሞ የታየኝ የእንግሊዝኛው ክፍል ሰባት ስሕተት ያለበት መሆኑ ነበር፤ አንዲት ሴት በእኔ ፊርማ ከሥራዋ ልትፈናቀል መሆኑ የታየኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በሙከራው የመጀመሪያ ቀን እንደ ወትሮዬ ተቀመጥሁ። ማሽኑ ተናገረ፤ አልዋሽሽም፣ ግሩም ነበር፤ ስሙ ከግሱ ተስማምቶ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ከተገቢው ስፍራ ወጥቶ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርሁትን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በአዳራሹ ላይ ፈሰሰ። ከፊት ለፊቴ አንዲት የውጭ አገር ባልቴት የተበጠሰውን የቦርሳዋን ማንገቻ ለመቋጠር አጎንብሳ ትታገል ነበር፤ ትኬቷ ጉልበቷ ላይ ነው፤ በትኬቷም ላይ ሰባት ቁጥር በጉልህ ተጽፏል። ማሽኑ ሰባት ቁጥርን ሦስት ጊዜ ጠራ። ሦስቱንም ጊዜ ሰማሁ፤ ቁጥሩንም በገዛ ዓይኔ አየሁ፤ ነገር ግን የዓረፍተ ነገሩን መቃናት ሳደንቅ፣ ዘንበል ብሎ «እመቤቴ፣ አውቶቡስዎ ሊሄድ ነው» ማለት ትዝ ሳይለኝ ሰባት ቁጥር ተንቀሳቀሰ።

ይኼኔ ከአዳራሹ ጥግ አንዲት ሴት ተነሥታ ስትሮጥ አየሁ። ተናጋሪዋ ነበረች። ወደ መስታወቷ ክፍል እንዳትገባ ተከልክላ ሳለ በሥራ ሰዓቷ መጥታ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ኖሯል። «ማዘር! ማዘር! ዩር ባስ ኢዝ ጎ! ከም፣ ከም!» እያለች ባልቴቷን በአንድ እጇ፣ ማንገቻው የተበጠሰውን ቦርሳ በሌላው ይዛ እስከ መውጫው በር ከነፈች፤ የአውቶቡሱንም ጎን በመዳፏ እየደበደበች «አንተ! ሰው ጥለህ ወዴት ነው? ቁም ብዬሃለሁ!» ስትል ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ባልቴቷ በመስኮት በኩል ምን እንዳለቻት ከሩቅ አልሰማሁም፤ ሁለቱም ግን ይስቁ ነበር።

እያለከለከች ተመልሳ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ አጠገብዎ አልነበረችም እንዴ?»

«ነበረች።»

«ማሽኑ ሲጠራ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር» አልኋት።

«አይ ጋሼ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ከዚያ በላይ መሸከም አቅቶኝ አቤቱታውን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት።

«አውቃለሁ፤ ከእርስዎ በቀር ጋዜጣ በቀይ እስክሪብቶ የሚያነብ ማን አለ?» አለችኝና ወደ ጥጓ ሄደች።

በዚያው እግሬ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት፣ ግን ጥድፊያ የሚወድ።

«ጋሼ፣ አርባ ሁለት ስሕተት በፊርማዎ አቅርበው፣ አሁን ደግሞ የለም ሊሉኝ ነው?»

«ስሕተቱማ አለ፤ ቢበዛ እንጂ አያንስም» አልሁት። «ነገር ግን ማሽንህ ሰው አያይም። እኔም አላየሁም። እርሷ ታያለች።» የባልቴቷንም ነገር ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ የራሴን ጥፋት ሳላሳንስ ተረክሁለት። እርሱም ለበላይ አለቆቹ የሚያሳየው ወረቀት እንደሚያስፈልገው፣ ስለዚህ ለሦስት ወር ከጎኗ ተቀምጬ እንዳርማትና በየቀኑ እንድፈርም፣ ለውጥ ከሌለ ግን ማሽኑ እንደሚመለስ አስታወቀኝ። «ክፍያ የለውም» አለኝ። «ቅጣት ክፍያ የለውም» አልሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታዬን በአገጯ ብቻ ትመልስ ነበር፤ በሁለተኛው መናገር ጀመረች፤ በሦስተኛው መከራከር። «እስቴሽን» በአራት ቀን ተቃና፤ «ለጌጅስ» ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የረቡዕ ስም ላይ ስንደርስ ግን ተፋጠጥን።

«ጋሼ፣ ይህቺ "ዲ" ካልተጠራች ለምን ተጻፈች?»

«እንደ አንዳንድ ዘመድ ናት፤ ስሟ ይመዘገባል እንጂ ቃል የላትም።»

«እንግዲያው ታሳዝነኛለች፤ እኔ እጠራታለሁ።»

አሁንም ትጠራታለች። ከአርባ ሁለቱ አሥራ አንዱ ቀርተዋል፤ የቀሩትም ፈጽሞ የሚለቁን አይመስለኝም። እኔ ደግሞ በበኩሌ፣ ያን ያህል ዘመን ከጋዜጣ በላይ ቀና ብዬ ያላየሁትን አዳራሽ ከላይ ሆኜ ማየት ከእርሷ ተማርሁ፦ ሰልፍ የተሳሳተው ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚያዞር፣ ልጅ ያቀፈች እናት ዕቃዋን ለማን አደራ እንደምትሰጥ፣ ሰዓቱ የደረሰበት እንቅልፋም የቱ እንደ ሆነ። እኔ ጣቴን እቀስራለሁ፤ እርሷ «ባለ ቡናማው ኮት፣ አባቴ፣ ይንቁ፣ አራት ቁጥር የእርስዎ ነው!» ትላለች። ለውጭ አገሩም ሰው በእንግሊዝኛዋ ትጠራለታለች፤ ሰውዬውም ዞር ብሎ ሽቅብ ያይና እጁን ያውለበልባል።

የሦስቱ ወር ወረቀት ተፈርሞ፣ ማሽኑ በካርቶኑ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ እርሷ በሥራዋ ከጸናች ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ጠዋት በመተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ፣ ቀጠሮዬ ማለቁን አልነገረኝም፤ እኔም አላስታወስሁትም። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከዚያችው የመስታወት ክፍል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢያነክስ፣ በየመካከሉ ጣት መቀሰር ስላለብኝ ነው።

በያለሽበት ከክፉ ነገር ይሠውርሽ፤ ደክመሽ ስታጎነብሺ ዘንበል ብሎ የሚጠራሽ ሰው አያሳጣሽ፤ ደጅሽን በጎ እንጂ ክፉ አያንኳኳው። ለዕረፍትሽ የምትመጪበት ቀን ሲቆረጥ የአውቶቡስሽን ቁጥር አስቀድመሽ ላኪልን። እንደ ወረድሽ ሰው ቢበዛ፣ ግርግሩም ቢያስፈራሽ፣ እኔን ፍለጋ አትንከራተቺ፤ ባለሽበት ቆመሽ ቀና በዪ፤ ሁለታችንም እናይሻለን።

የሚወድሽ
አባትሽ