ኩርፊያ የመሰላቸው ጽሞናህ

ተሾመ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከምናምን ሆነ። ላፍቶ አንተ የምታውቃት አይደለችም፤ ከብሎካችን ማዶ ፎቅ ወጥቶ ተራራውን ጋርዶብናል። ልጃችን ሰላም አግብታ ለቡ ገብታለች። ነይ አብረን እንኑር እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ጭቅጭቁን ከማን እንደወረሰች አንተ ታውቃለህ።

ጠዋት ጠዋት ዳዊትህን ደግመህ ስታበቃ መጽሐፉን ትዘጋና በረንዳው ላይ ጀርባህን ለቤቱ ሰጥተህ ዝም ትል ነበር። ጽሞና ነው ትለኛለህ። እኔ ውስጥ ሆኜ የሰላምን ፈተና፣ የውሃውን መጥፋት፣ የወገቤን ሕመም ለእግዚአብሔር እዘረዝራለሁ። ጎረቤቶቻችን ይህን አይተው ባልና ሚስቱ ተኳርፈዋል ብለው ሽማግሌ ላኩብን! ጋሽ በቀለ ሁለት ሰው አስከትለው መጥተው፣ ምን በድላህ ነው ብለው ሲጠይቁህ ሳቄ አምልጦኝ ኩሽና ገባሁ። አንተ ግን አልሳቅክባቸውም። ለምኜ ስጨርስ እግዚአብሔር ዘንድ ትንሽ መቀመጥ ስለምወድ ነው አልካቸው። ታዲያ ምን ይልሃል አሉህ። እሱም ምንም አይለኝ፣ እኔም ምንም አልለው፤ ብቻ ከዚያ ስነሳ ሰው መቆጣት ያቅተኛል አልክ። ጋሽ በቀለ ሻያቸውን ጨርሰው፣ መርቀውን ሄዱ።

እውነትህን ነበር። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ድምፅህ ከፍ ሲል አልሰማሁም፤ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ነበርኩ የምጮኸው። እንዴት ያለህ ሰው ነበርክ!

ካረፍክ ወዲህ ጸሎት እምቢ አለኝ። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ አፌ ይተሳሰራል። እንዲያድንህ ያን ያህል ለምኜው ሳይሆን ሲቀር፣ ሌላ ምን ብዬ ልለምነው? መኳረፍስ ይሄኔ ነው፤ እኔና እግዚአብሔር። ሽማግሌ የላከልን ግን የለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ በረንዳው ላይ አንተ ቦታ ተቀመጥኩ። አልለመንኩም፣ አልወቀስኩም። የምለው ነገር ስላልነበረኝ ብቻ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንባዬ መጣ፤ ግን ብቻዬን የማለቅስ አልመሰለኝም። ለካ አንተ በየማለዳው የምትሄደው እዚህ ኖሯል። በቁምህ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ አጠገብህ አለመቀመጤ ቆጨኝ።

ለሰላም ገና መልስ አልሰጠኋትም። ለቡ ብሄድም እዚህ ብቀርም አልረሳህም። ቃል ሲገኝ ስምህን እጠራለሁ። ቃል ያጣሁ ቀን ደግሞ እሱ ፊት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ የማንን ስም ይዤ እንደመጣሁ አይጠፋውም።

ባለቤትህ አስቴር