አንድ ጉንጭ ውኃ ያልደበቁት የአባ ቢያድግልኝ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አባ ቢያድግልኝ፥ ከአባታቸው ከደምመላሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት፥ በመተከል ደጋ ጠርዝ፥ የበለስ ወንዝ ቁልቁል ከሚታይበት ከግራር አፋፍ፥ በ፲፰፻፴፪ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ዮሐንስ ተወለዱ።

ፊደልና ዳዊት ከአጎታቸው ተማሩ። ጎጃም ተሻግረው ቅዳሴ አጠኑ፤ ዲቁና ተቀብለው ተመለሱ። ዜማቸው ያማረ ነበር ብንል እዚህ የቆማችሁት ካህናት ትስቃላችሁ፤ ቃል ግን አይስቱም ነበር። በ፲፰፻፶፫ ወይዘሮ ጥሩሰውን በቁርባን አግብተው ቅስና ተቀበሉ። ስድስት ልጆች ወልደው ሦስቱ አደጉ።

በ፲፰፻፹፭ በፍልሰታ ጾም ወይዘሮ ጥሩሰው በንዳድ ታመው አልጋ ያዙ። «ሳልቆርብ እንዳልሄድ» ማለት ብቻ ሆነ ንግግራቸው። በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችንን ዘቢብ አይጥ ጨረሰው፤ እርሱ መቼ ጾም ያውቃል! ዘቢብ ከሌለ የሚጨመቅ የለም፤ ደሙ ከሌለ ቅዳሴ የለም። ዘቢብ የነበራቸው ከመንጌና ከአሶሳ የሚመላለሱት ነጋዴ ማህጁብ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም በለስ ሞልቶባቸው ከማዶ ሰፍረዋል።

ቄስ ቢያድግልኝ ጾማቸውን እንደ ያዙ በማለዳ ወርደው ወንዙን ገቡበት። ማህጁብ ከማዶ፥ «አቡና፥ ተመለስ! ውኃ ዛሬ ሰው ይበላል!» ብለው ጮኹ። አልተመለሱም፤ ተሻገሩ። ማህጁብም ዘቢቡን በቅል ከትተው አፉን በሰም ደፈኑና፥ «ቅሉን አትልቀቅ። እሱ ዋና ካንተ ይበልጣል» አሏቸው። ሲመለሱ ጎርፉ መካከል ላይ ደፈቃቸው። ወዲህ ማዶ የቆመው ሰው ዋይታ ጀመረ። ቆይቶ ቅሉ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ እርሳቸው።

በስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ እናቶች ከማታ ጀምሮ ያልቀመሱ ሕፃናት ታቅፈው ቆመዋል፤ ወይዘሮ ጥሩሰው በቃሬዛ ደጀ ሰላሙ ሥር ተኝተዋል። ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም፤ ሁለተኛው ቄስ እርሳቸው ናቸው። ውኃ የዋጠ ደግሞ ጾሙ ፈርሷልና አይቀድስም። ሰው ሁሉ ዋናቸውን እንጂ ጉሮሮአቸውን አላየም። አለቃው፥ «ቢያድግልኝ፥ ጠብታ አልዋጥህም አይደል?» ቢሏቸው ሚስታቸውን አዩ፤ ሕፃናቱን አዩ። «አንድ ጉንጭ ውጫለሁ» አሉ።

የዚያን ቀን ሳይቀደስ ቀረ። ያልተቆጣ አልነበረም። አንዲት እናት፥ «ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር!» አለች። ወይዘሮ ጥሩሰው ግን ባላቸውን አስጠርተው፥ «ውኃውን አንተ ዋጥህ፤ ውሸቱን እኔን ልታስውጠኝ ኖሯል? ተወው፥ እስከ ነገ እቆያለሁ» አሉ። በዚያ ትኩሳት አንዲት ጠብታ ሳይቀምሱ ቆዩ። በማግሥቱ ሥጋውን ከባላቸው እጅ ተቀብለው፥ ደሙን ጠጥተው፥ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ቄስ ቢያድግልኝም መነኮሱ። ማህጁብ በየዓመቱ ዘቢብ ማምጣት አላቋረጡም፤ ዛሬም እነሆ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያለቅሳሉ።

ዘንድሮ ከጥር ጀምሮ ያው ንዳድ አባን ጣላቸው። የካቲት ፲፭ ቀን ማታ፥ «ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፥ እቆርባለሁ፤ ውኃ እንዳታሳዩኝ» አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበርና የልጅ ልጃቸው፥ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፥ ሰረቅ አድርጋ በእርጥብ ጣቷ ብታብስላቸው፥ ጣቷን ነክሰው፥ «አንቺ ሰይጣን፥ ከደጃፉ ልትመልሺኝ ነው?» አሏት። ሰውነታቸው እንጂ ጥርሳቸው አልደከመም ነበር።

ይደርሳሉ አይደርሱም እየተባለ በቃሬዛ ተወሰዱ። ደረሱ፤ ቆረቡ። ቅዳሴው ሲያበቃ የቅዳሴ ጠበል በዚያው በማህጁብ ቅል ቀረበላቸው። ያን ጊዜ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ታች ጨለጡት።

በማግሥቱ የካቲት ፲፯ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ሉቃስ፥ በ፷፯ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ወይዘሮ ተሻለችን፥ ሁለት ወንድሞቻቸውንና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ትተውልናል።

በጥም ወደ አንተ የመጡትን አባታችንን፥ ጌታ ሆይ፥ ከማይነጥፈው ምንጭህ አጠጣልን፤ እኛንም እንደ እርሳቸው እውነቱን አናግረን። አሜን።