የሦስት ልጆች እናት፣ የወ/ሮ ፋናዬ አያሌው የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ፋናዬ ከአባታቸው ከአቶ አያሌው መኮንንና ከእናታቸው ከወ/ሮ በቀለች ተገኘ በ1965 ዓ.ም. በደባርቅ ከተማ ተወለዱ። እስከ አስረኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1983 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ካርቱም፣ ዴም በተባለው ሰፈር ሹሩባ እየሠሩ ኑሮ ጀመሩ፤ በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ክብሮም ሐጎስ ጋር ተጋቡ።

በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ወሯን ጨርሳ፣ ግን እፍኝ አክላ ተወለደች፤ በማግስቱ አረፈች። በእርግዝናቸው ሁሉ ሆዳቸውን የለካ ሰው አልነበረም። ክርስትና ሳትነሣ ስለሞተች ለቅሶ አልተቀመጠላትም። ጎረቤቱ "ሌላ ትወልጃለሽ" ብሎ ተበተነ። ወ/ሮ ፋናዬ ግን ይመኙሻል ብለው ስም አወጡላት።

በ1993 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲያረግዙ በየወሩ ክሊኒክ እየሄዱ አዋላጇን ሐምዲያን "ያላ፣ ለኪኝ" ይሏት ነበር። በሰባተኛው ወር ሐምዲያ ሜትሯን ሆዳቸው ላይ ዘርግታ ደግማ ለካች፤ ልኩ ካለፈው ወር ፈቀቅ አላለም። ዘመድ "ሆድሽ ተፈጥሮው ነው፤ የሰው ዓይን ውስጥ አትግቢ" ሲል እርሳቸው አልትራሳውንድ ተነሡ። ፅንሱ ማደግ ማቆሙ ታየ፤ ሐኪሞች ሲከታተሉ ቆይተው ቀኑ ሳይደርስ አዋለዷቸው። ህሊና እንዲህ ተረፈች። ሚልዮን በ1997 ዓ.ም. ተከተለ።

ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ደንበኛ ስትመጣ ግማሽ ጭንቅላቷን ሠርተው ያቆሙ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ክሊኒክ ሄዳ ሆዷን ተለክታ ስትመለስ ነው። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ዮሳቤጥ የምትባል ደንበኛቸው "እትዬ ፋናዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?" ብላ ብትለምን፣ "ግማሽ ተሠራች ይላል። ሂጂ!" አሏት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እየተራገመች ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። የእሷም ፅንስ አንሶ ተገኘ፤ በጊዜው ተደረሰለት። ያ ልጅ፣ ቃለአብ፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ሐጅ ዩሱፍ ወደሚባለው ሰፈር ተፈናቀሉ። ክሊኒኮች ሲዘጉ ሐምዲያን ቤታቸው አስቀምጠው እርጉዞችን ማስለካት ቀጠሉ። ለስኳር ሕመማቸው ግን መድኃኒት ጠፍቶ፣ ሕመሙ ጸንቶባቸው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ክብሮም፣ ልጆቻቸው ህሊናና ሚልዮን በሕይወት አሉ። ወ/ሮ ፋናዬ የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ሁለት ብሎ ለማረም ያሰበ ካለ አይድከም፤ ስሕተት አይደለም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይመኙሻል ካለችበት ያሳርፍልን።

ከለቀስተኛው መካከል ያረገዛችሁ፦ ሐምዲያ ከድንኳኑ ጓሮ ሜትሯን ይዛ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ ለቅሶ። ያዘዙት እርሳቸው ናቸው።