የቤዛ ኮፍያ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.
ደባርቅ

ይኸኛውም የግል መዋዕለ ሕፃናት አይሆንም። ግድግዳው ላይ ዝሆን ሥለዋል፣ አንበሳ ሥለዋል፣ ቀጭኔ ሥለዋል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ በመንጋ የሚገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ ግን የለም። ቤዛ ቀጭኔዋን ትክ ብላ አይታ፣ «አባባ፣ ይቺን ፍየል አንገቷን ማን ጎተታት?» አለችኝ። አስተማሪዋ ሳቀች። «ሚስ በሉኝ» አለች፤ እኔንም ጭምር መሰለኝ።

ግቢው ንጹሕ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ጉድለት ሳይመዘግብ አይመለስም። በሩ በቀጥታ ዋናው መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ወደ ሽሬ የሚወርዱት አይሱዙዎች ደግሞ ፍሬን ያላቸው አይመስሉም። መጸዳጃው ለልጅ ከፍ ይላል። ዘበኛው ያንቀላፋል። ሚስ ሳቅ ታበዛለች። ይህ የመጨረሻው ግን ጉድለት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጄ ሙሉ ከቤይሩት በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ቤዛ እኮ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትምህርት ቤት አስገባልኝ» ትላለች። ልጇ ናት፤ እኔ አያት ብቻ ነኝ። ትታት ስትሄድ ቤዛ ገና ዳዴ ትል ነበር። ያኔ ሚስቴ ውድነሽ ነበረች። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ውድነሽ የለችም። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ቤዛ ነን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

የኔታ ዘንድ ሄድን። ልጆቹ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፊደል ይቆጥራሉ። እኔም እዚያው ነው የቆጠርኩት፤ ምናልባትም ያው ድንጋይ ላይ።

«እንዴት ከረሙ ጋሽ ፈንታ? የወይዘሮ ውድነሽን ነፍስ ይማርልን» አሉኝ። «ልጅቱን ይተዉልኝ። ለጥምቀት ፊደሉን ጨርሳ ትመጣልዎታለች።»

«ብርዱ ነው የኔታ…» አልኩ።

«ብርዱ እርስዎንም አሳድጓል» አሉኝ።

ቢሆንም ጉድለት ጻፍኩ፦ ጣሪያ የለውም። ድንጋዩ ርጥብ ነው። ሴት ልጅ አንድም የለችም። ሌላ ብፈልግ አላገኘሁም።

ስንመለስ ቤዛ እጄን ይዛ ጥያቄዋን አወረደችው። ጉም የት ያድራል? የኔታ ጥርሳቸውን የት ጣሉት? ድንጋይ ይርበዋል? ሁሉንም እንደ አቅሜ መለስኩ። ከጠዋት እስከ ማታ የማነጋግረው ሰው እሷን ብቻ ነው፤ ቁመቷም እስከ ቀበቶዬ ነው። የውድነሽ ወዳጆች እስከ አርባዋ ተመላልሰዋል። ከዚያ ሁሉም ወደየጣጣው ሄደ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለሌላው እንዲሁ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ዛሬ ያደረግሁትን ሳልቀባባ ልጻፈው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት የሚቆዩበት ዜሮ ክፍል የሚሉት ከፍቷል። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ግን ጣሪያ አለው፣ መስኮት አለው፣ ከመንገድም ይርቃል። መምህርቷ አስረበብ ትባላለች፤ የጃናሞራ ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ በከሰል ዋልያ ሥላለች፤ ቀንዱ እንኳ ልክ ነው። ለምዝገባ የመጡት ልጆች ቀሚሷን ይዘው አይለቁም። ቤዛም ሄዳ ያዘች። ጉድለት ፈለግሁ፤ ምንም የለም። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ስለሆነ መምህርቷ በድሮው መንገድ ነው የምትለካቸው። ቀኝ እጅ በራስ ላይ ያልፍና የግራውን ጆሮ ይነካል። የደረሰለት ይገባል፤ ያልደረሰለት ለከርሞ። ቤዛ ውድነሽ የሠራችላትን ወፍራም የሹራብ ኮፍያ አድርጋለች፤ ጆሮዋን ሸፍኖ አገጯ ሥር የሚታሰር ነው። እጇን አሳለፈች። ጣቶቿ ኮፍያው ላይ ቀሩ። መምህርቷ ማሰሪያውን ልትፈታላት እጇን ዘረጋች።

«ጉንፋን ይዟታል፤ አይውለቅ» አልኩ።

ጉንፋን የለባትም። ሐምሌ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ባዶ ራሷን ጆሮዋን ስትነካ በዓይኔ አይቻታለሁ። መምህርቷ እኔን አየችኝ፣ ኮፍያውን አየችው። «እንግዲያው ለከርሞ ያምጡልን» አለች። ስንቱ ሰው በሐሰት ሲምል በእጄ መዝግቤያለሁ። እንዲህ ቀላል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። አንድ ዓመት ያተረፍኩ መሰለኝ። ብስኩት ገዛሁላት፤ አልበላችውም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ጠዋት የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጄን እየጎተትኩት ነው። አጭር ነዋ።»

ከርሞ ይደርሳል አልኳት። ከርሞ ማለት ከነገ ወዲያ ነው ወይ አለችኝ። ጎመን የበላ ልጅ ቶሎ ያድጋል አልኳት፤ የምለው ሳጣ። ጎመን የማትወደው ልጅ ሁለቴ አስጨምራ በላች። ከዚያ ሄዳ እጇን ሞከረች። ኮፍያው ራሷ ላይ ነው። ቤቱ ስለሚበርድ ቀንም አታወልቀውም፤ ውድነሽ እንደዚያ ነው ያስለመደቻት። አውልቂው ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።

ስትጠይቀኝ የምትውለው ልጅ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ሙሉ ደወለች።

«ተመዘገበች?»

«እጇ አልደረሰም።»

«እና ወደ ግሉ ውሰዳታ፤ የሚከፈለውን እልካለሁ።»

አይሱዙዎቹን ነገርኳት። ዘበኛውን ነገርኳት። የየኔታን ርጥብ ድንጋይ ነገርኳት። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እኔንስ መቼ ትምህርት ቤት አስገባኸኝ? እማዬ እኮ ናት አንተ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ የወሰደችኝ» አለች።

ረስቼው ነበር። እውነቷን ነው። ያን ጊዜም ትንሽ ትቆይ ስል ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ጠብቆ የሚወስዳት ሰው የለም።

«አንተስ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እሷም ደህና ነኝ አለች። ሁለታችንም የምናወራው ለቤዛ ብለን እንደሆነ ሁሉ ስልኩን ለቤዛ ሰጠኋት።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ወረደ፤ የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይዘላሉ። ብርድ ነው ብዬ ቤዛን ላስቀራት አስቤ ነበር። እናቷንም እኔ ነበርኩ የማስቀራት፤ ውድነሽ ናት የምታስወጣት።

ፎጣ ልፈልግ ጓዳ ገብቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆማለች። የኮፍያውን ማሰሪያ ራሷ ፈታ አውልቃ ሰጠችኝ። «ያዝልኝ፤ የእማማ ነው፤ እንዳይርስ» ብላኝ ወጣች።

ከቆርቆሮው በሚወርደው ውኃ ሥር ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። «ሩፋኤል፣ ሌላውን ተወውና እጄን ብቻ አሳድግልኝ» አለች። እጇን በራሷ ላይ አሳለፈች። ጆሮዋን ያዘች። መያዝ ብቻ አይደለም፣ ጎተተችው።

«ደረሰ! አባባ፣ ደረሰልኝ!»

ልጆቹ ከበው አጨበጨቡላት። እኔ ኮፍያውን ይዤ ከጣሪያው ሥር ቆሜያለሁ። ዝናቡ አላገኘኝም፤ ስለዚህ ፊቴ ላይ የነበረው ዕንባ ነው።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ቤዛን ለጎረቤት ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። መምህርት አስረበብ ክፍሉን እየጠረገች ነበር።

«ልጅቱ ጉንፋን አልነበረባትም» አልኳት፤ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

መጥረጊያውን አስቀመጠች። «ጠርጥሬ ነበር ጋሼ። ክፍላችንን ጠልተውት ነው?»

«አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለኝም።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሙሉም፣ ለነፍስ አባቴም። ለማላውቃት ልጅ፣ የልጄ ታናሽ ለምትሆን፣ አቧራ መሐል ቆሜ ነገርኳት። እሷም አላጽናናችኝም፤ ደግ አደረገች። ዓይኗን ብቻ ወደ መሬት ሰበረች።

ግን መዝገቡ ቅዳሜ ተዘግቷል። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ቦታ ነበር፤ አሁን መቀመጫው አልቋል። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዳ ጠየቀችልኝ፤ የሚቀመጡበት ሳይኖር አንድ ልጅ አልጨምርም ብለዋል። «ሰኞ መስከረም አምስት ይዘዋት ይምጡ። የሚቀር ልጅ ካለ እናያለን። ቃል ግን አልገባልዎትም» አለችኝ።

ቤዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ነገርካቸው? እጄ መድረሱን?» አለች። ነገርኳቸው አልኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ዝናብ። ጉም። ምንም አልሠራሁም። የመስከረሙ ሰኞ እንዲመጣም እንዳይመጣም እፈልጋለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ቤዛ አደይ ለቅማ አመጣችልኝ። ደስ ብሏት ስለነበር ዛሬ ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«እጅሽን ያሳደገው ሩፋኤል አይደለም። ድሮም ይደርስ ነበር። ኮፍያው ነው የከለከለሽ። እኔም አውቅ ነበር። ዋሸሁ» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ኮፍያውን ያስወለቀኝ ግን ሩፋኤል ነው» አለች።

ይግባኝ የለውም። ቀጥላ፣ «ለምን ዋሸህ?» አለችኝ። አንቺ ስትሄጂ ብቻዬን ስለምሆን ነው አልኳት። ቤቱን ዙሪያውን አየች፤ ገና አሁን ያየችው ይመስል። ዓይኗ ምድጃው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ቆመ። የውድነሽ ነው። ኮፍያውንም እዚያ ላይ ተቀምጣ ነው የሠራችው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ስጠርግም ዙሪያውን ነው የምጠርገው።

የሚቀመጡበት ሳይኖር አይደል ያሉት ርእሰ መምህሩ?

እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ታይቶኝ ሊሆን ይችላል።

ሰኞ፣ መስከረም 5

በርጩማውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ቤዛን በሌላ እጄ ይዤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ስም ተጠራ። ሁሉም ልጅ አቤት አለ። አንድም የቀረ የለም። መምህርቷ መዝገቡን አጥፋ ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ ላይ መልሱን አየሁት።

በርጩማውን አውርጄ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩ። «የምትቀመጥበት አለ» አልኩ።

በርጩማውን አየችው። እግሩ በውድነሽ እጅ ተወልውሎ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ራሷ አንሥታ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ርእሰ መምህሩን ስታነጋግር በመስኮት አያለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን በእምቢታ ይነቀንቃሉ፣ እሷ ታወራለች፣ ይነቀንቃሉ፣ ታወራለች። በመጨረሻ «እንዳሻሽ» እንደማለት እጃቸውን አወናጭፈው ወጡ። እሷም ወጥታ ቤዛን ጠራቻት።

ቤዛ ሄደች። ዞራ አላየችኝም። አንድ ጊዜ እንኳ።

አጥሩ ሥር ቆምኩ። መምህርቷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ይሂዱ ጋሼ፤ ስድስት ሰዓት ይመለሱ» አለችኝ።

ቤት ገባሁ። ሲኒ አጠብኩ። ያንኑ ሲኒ እንደገና አጠብኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ምድጃው አጠገብ በርጩማው የነበረበትን ቦታ ጠረግሁ፤ አቧራው አራት ክብ ምልክት ትቶ ነበር። ሰዓቴን ሳይ ሦስት ተኩል ነው። ተኝቼ ሰዓቱ ካለፈልኝ ብዬ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ አልመጣም። «ጉም የት ያድራል?» ብዬ ጮክ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ። ውድነሽ ከሞተች ወዲህ እንደዛሬ የከፋኝ ቀን የለም።

አምስት ሰዓት ላይ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስድስት ሲሆን ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። ቤዛ መጨረሻ ላይ መጣች፤ እጇ በጠመኔ ነጥቷል፣ ራሷ ባዶ ነው።

«ኮፍያሽስ?»

«በርጩማዬ ላይ ተውኩት። ቦታዬን ማንም እንዳይወስድብኝ። ነገም እመጣለኋ!»

ነገም። ከነገ ወዲያም።

ልመለስና ላምጣላት አሰብኩ፤ ተውኩት። ከሊማሊሞ በኩል ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስታወራ፣ እኔ መዳፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ሄድን።