ሉጥፊን ራሱን ይጠይቁት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለከማሉ፤

አሰላሙ አለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወዎት ወይ? የእማማስ ዓይን እንዴት ሆነ? የመተማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ያው እዚህ ሱዳን፣ ዶካ ዳቦ ቤቱ ውስጥ እየሠራሁ ነው።

ወንድሜ ሉጥፊ ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። በስልክ ስጀምርልዎ “ሼሁ ያውቃሉ” እያሉ ስለሚዘጉብኝ ይህን በነጋዴ እጅ ልኬልዎታለሁ።

የዛሬ ስምንት ወር እንቅልፍ አጥቶ፣ የሰው ልብስ እየቀደደ ገበያ ላይ ሲጮህ፣ መፋዛ አጠገብ ወዳለው፣ ሕመምተኛ በዱዓ ወደሚታከምበት የሼሁ ግቢ የወሰድኩት እኔው ነኝ። ጥፋቴን አልሸሽግም። ሼሁ “ወሊው፣ ኃላፊ ሆኖ የሚወስንለት ማነው?” ሲሉኝ ለእርስዎ ደወልኩ። እርስዎም “እሰሩት” አሉ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ስንቱን ያለበሰ ልብስ ሰፊ፣ ማንም አንዲት ቃል ሳይጠይቀው እግሩ ሰንሰለት ገባ።

አሁን ተሽሎታል። ከገዳሪፍ ሐኪም አምጥቼ አይቶት፣ ኪኒን ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሰግዳል። ሐኪሙም የታመመ ሰው ስለ ራሱ ይጠየቃል እንጂ አይታሰርም አለኝ። ዱዓው አልጠቀመውም አልልም፤ ብረቱ ግን ምኑ ዱዓ ነው?

የሚያንገበግበኝን ልንገርዎ። የግቢው የቁርኣን ተማሪዎች ጀለቢያቸው ሲቀደድ የሚያመጡት ለሉጥፊ ነው። መርፌና መቀስ ይሰጡታል፣ እንደታሰረ ይሰፋላቸዋል፣ መርቀውት ይሄዳሉ። እግሬን ፍቱልኝ ሲላቸው ግን “የእብድ ቃል ቃል አይደለም” ይሉታል። እኔ ብለምናቸውም አባቱ ያስረከበውን አባቱ ይረከበው አሉኝ። ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ ዝንብ ወሮታል አባባ! በመቀስ ያመኑትን ሰው በገዛ እግሩ ማመን እንዴት ያቅታቸዋል?

ስለዚህ ይህ እንደደረሰዎ ለሼሁ ይደውሉ። “ፍቱት” ከማለትዎ በፊት ግን ሉጥፊን አቅርቡልኝ ይበሉና “ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ?” ብለው ይጠይቁት። ወደ ዶካ፣ ወደ ስፌት መኪናው መመለስ ነው የሚፈልገው፤ ከራሱ አፍ ይስሙት።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ። እህቴን ፈቲያን፣ ትንሿን ሳብሪንንም ይሳሙልኝ። ሉጥፊም ሰላም ብሎዎታል። ያን ከሼሁ ግቢ የደወልኩልዎ ቀን ስልኩን ድምፁን ከፍቼው ነበር አባባ። “እሰሩት” ሲሉ ሉጥፊ አጠገቤ ቆሞ ይሰማዎት ነበር።

ልጅዎ ሉብና
ዶካ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.